የሰማይ ሬዲዮ፦ የኖኅ ሳማራ የሥራ ዘመን

ኖኅ ሳማራ እ.ኤ.አ. በ1956 ከኢትዮጵያዊት እናትና ከሱዳናዊ አባት አዲስ አበባ ውስጥ ተወለዱ። ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱት ዓመታትም በዚሁ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። በጊዜው የአገሪቱን ስልክ የሚያስተዳድረው የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት የቴሌኮሙኒኬሽን ቦርድ ከተቋቋመ ገና አራት ዓመቱ ነበር። ስልክ የመንግሥት ሥራ፣ የመሥሪያ ቤትና የጥቂት ባለጸጎች ቤት ዕቃ ነበር። ከዚያች ከተማ የቴሌኮም ነጋዴ ቢወጣ እንኳ ነግዶ የሚያድርበት ገበያ አልነበረም፤ ይህም ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ሳይለወጥ ቆይቷል። ሳማራ ሥራቸውን የሠሩት በውጭ አገር ነው።

ለትምህርት ወደ አሜሪካ ተሻግረው በፔንሲልቬንያ ኢስት ስትራውድስበርግ ዩኒቨርሲቲ እንግሊዝኛ፣ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የዴቪስ ቅርንጫፍ ታሪክ አጠኑ፤ በመጨረሻም ዋሽንግተን ከሚገኘው የጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲ በሕግ ተመረቁ። መሐንዲስ አልነበሩም። ይህ ነገር የኋላውን ታሪክ ለመረዳት ከማንኛውም የቴክኒክ ዝርዝር ይበልጥ ይጠቅማል። የሳተላይት ሬዲዮን በፋብሪካ ሳይሆን በስብሰባ አዳራሽ የወለዱት፣ ፈቃድ ማንበብና ፈቃድ መጻፍ የሚያውቁ ጠበቃ በመሆናቸው ነው።

የመጀመሪያው ትልቅ ሥራቸው በ1980ዎቹ ጂኦስታር በተባለ ኩባንያ ውስጥ ነበር። ጂኦስታርን የመሠረቱት የፕሪንስተኑ የፊዚክስ ሊቅ ጄራርድ ኦኒል ሲሆኑ፣ ዓላማው ጂፒኤስ ለሕዝብ ከመዳረሱ በፊት የከባድ መኪናዎችን አቀማመጥ በሳተላይት ማወቅ ነበር። ሳማራ የያዙት የሕጉንና የፈቃዱን በኩል ነው። እዚያ የተማሩት ነገር ለማንም ክፍት ሆኖ ሳለ ጥቂቶች ብቻ የሚያውቁት ነበር። ከምድር ወገብ በላይ ያለው የሳተላይት ቦታና ሳተላይት የሚናገርበት ሞገድ የማንም ርስት አይደለም፤ የሚደለደለው ጄኔቭ ባለው የዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ጉባኤ ነው። በዚያ ጉባኤ ደግሞ አሜሪካም፣ ኒጀርም፣ ኢትዮጵያም እያንዳንዳቸው ያላቸው አንድ ድምፅ ነው። ጂኦስታር ራሱ በ1991 ከስሮ ተዘጋ፤ ትምህርቱ ግን ከሳማራ ጋር ቀረ።

ሐሳቡ ከየት እንደመጣ ሳማራ በየቃለ ምልልሱ የሚያነሱት አንድ ታሪክ አለ። በ1980ዎቹ አጋማሽ አካባቢ በዋሽንግተን ፖስት ጋዜጣ ላይ ስለ ኤድስ በአፍሪካ የወጣ ዘገባ ያነባሉ፤ ያስደነገጣቸው በሽታው ብቻ ሳይሆን ሰዉ ምን እንደሚገድለው አለማወቁ ነበር። ኢትዮጵያ ውስጥ የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ሕሙማን የታወቁት በ1986 ነው። በዚያ ዘመን በገጠር ላለ አድማጭ ከቀዬው ውጭ ያለ ወሬ የሚደርሰው በሬዲዮ ብቻ ነበር፤ እሱም በአብዛኛው በአጭር ሞገድ። የጀርመን ድምፅ የአማርኛው ክፍል ከ1965፣ የአሜሪካ ድምፅ የአማርኛው ክፍል ከ1982 ጀምሮ የተሰሙት በዚህ መንገድ ነው። አጭር ሞገድ ሩቅ ይሄዳል፣ መቀበያውም ርካሽ ነው። ነገር ግን ከላይኛው የከባቢ አየር ንብርብር እየነጠረ የሚመጣ በመሆኑ ሌሊትና ቀን፣ ክረምትና በጋ ይለዋወጣል፤ አድማጩ ጆሮውን ከሬዲዮው ጋር አጣብቆ መርፌውን እያዞረ ፉጨትና ጩኸት መሐል ቃል ይለቅማል። ኤፍኤም ደግሞ ጥርት ያለ ቢሆንም ከከተማ ብዙ አይርቅም።

ሳማራ ያሰቡት ሁለቱን ማገናኘት ነው፤ የአጭር ሞገድን ስፋትና የኤፍኤምን ጥራት። ከምድር ወገብ በላይ 36,000 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ላይ የተቀመጠ ሳተላይት ከምድር ጋር እኩል ስለሚዞር ከታች ለሚያየው ቆሞ የቀረ ይመስላል። ይህን ጸሐፊው አርተር ክላርክ ገና በ1945 ጽፎታል። በ1980ዎቹ የሳተላይት ቴሌቪዥን ለመሳብ ግን ጣሪያ የሚያክል ሳህን ያስፈልግ ነበር። አዲሱ ነገር መዳፍ በምታክል አንቴና፣ ያለ ሳህንና ያለ ቴክኒሻን፣ ሳተላይትን የሚሰማ የእጅ ሬዲዮ መሥራት ነበር።

ሳማራ ወርልድስፔስ የተባለውን ኩባንያ በ1990 ዋሽንግተን ውስጥ አቋቋሙ። በቀጣዩ ዓመት የአሜሪካ የፌዴራል የኮሙኒኬሽን ኮሚሽን ለአፍሪካው ዕቅድ የሙከራ ፈቃድ ሰጠ። ዋናው ፍልሚያ ግን በ1992 መጀመሪያ በስፔን ቶሬሞሊኖስ የተካሄደው የዓለም የሬዲዮ ጉባኤ ነበር። እዚያ ከ1452 እስከ 1492 ሜጋኸርዝ ያለው ክልል፣ በሙያው ሰዎች ኤል ባንድ የሚባለው፣ ለዲጂታል የሳተላይት ሬዲዮ ተመደበ። ክልሉ ለዚህ ሥራ የተመቸ ነው፤ በዝናብ ብዙም አይጎዳም፣ ለመቀበልም ትልቅ አንቴና አይጠይቅም። ሳማራ የታዳጊ አገሮችን ልዑካን አንድ በአንድ እያነጋገሩ ነበር። አንዳች ሳተላይት የሌላቸው መንግሥታት ስለ ሳተላይት ሞገድ ወሳኝ ድምፅ ነበራቸው፤ ያንን ያስተዋለ ነጋዴ ግን ብዙ አልነበረም። አሜሪካ ራሷ ኤል ባንድን ለጦር አውሮፕላኖችና ለሚሳይሎች የሙከራ በረራ መረጃ ስለምትጠቀምበት ሌላ ክልል መረጠች።

በዚሁ ዓመት አሜሪካን ሞባይል ሳተላይት የተባለው ድርጅት ለአሜሪካ ገበያ የሚሆን ኩባንያ መሠረተ። ወርልድስፔስ ባለድርሻ የሆነበት ይህ አሜሪካን ሞባይል ሬዲዮ ኮርፖሬሽን በ1997 በጨረታ ወደ 90 ሚሊዮን ዶላር ከፍሎ ለሳተላይት ሬዲዮ ከተሰጡት ሁለት የአሜሪካ ፈቃዶች አንዱን አሸነፈ፤ ስሙንም ኋላ ኤክስኤም ብሎ ለወጠ። ወርልድስፔስ ድርሻውን በ1999 ሸጦ ወጣ፤ ገንዘቡ ለአፍሪካና ለእስያ ሳተላይቶች ያስፈልግ ነበርና። ወደ ኋላ ሲታይ፣ በሳማራ የንግድ ሕይወት ውስጥ ከነበሩት ሁለት ሐሳቦች ደንበኛ ያገኘው የሸጡት ነው።

በ1990ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ ኩባንያው ከአንድ ቢሊዮን ዶላር በላይ ሰበሰበ፤ የገንዘቡ ትልቅ ክፍል የመጣው ከሳዑዲ ባለሀብቶች ነው። ሳተላይቶቹን የመሥራት ኃላፊነት ለፈረንሳዩ አልካቴል ተሰጠ። ድምፁን ለማመቅ የተመረጠው በጀርመን የፍራውንሆፈር ተቋም የተሠራው ቀመር ነበር፤ ዓለም በኋላ ኤምፒ3 ብሎ የለመደው ማለት ነው። ተራው ሕዝብ ይህን ቃል ከመስማቱ በፊት የአፍሪካ ሳተላይት ሊናገርበት ታስቦ ነበር። ቀመሩ ለድምፅ የሚያስፈልገውን የመረጃ መጠን በእጅጉ ስለሚቀንስ አንድ ሳተላይት በብዙ አሥር የሚቆጠሩ ጣቢያዎችን ሊሸከም ይችላል። ንግግር ብቻ የሚያሰራጭ ጣቢያ በሰከንድ 16 ኪሎ ቢት ይበቃዋል፤ ሙዚቃ የሚያሰማ የዚያን ብዙ እጥፍ ይወስዳል።

በንድፉ ውስጥ ከሁሉም የሚደነቀው ግን ሌላ ነው። በተለመደው አሠራር ጣቢያዎች ሁሉ ፕሮግራማቸውን ወደ አንድ ማዕከል ልከው ከዚያ ወደ ሳተላይት ይወጣል። የወርልድስፔስ ሳተላይት ግን ከየአገሩ በትንሽ ማሠራጫ የሚላኩለትን ድምፆች እዚያው ላይ ተቀብሎ ራሱ አቀናብሮ መልሶ ያወርዳል። በዚህም ምክንያት አንድ የናይሮቢ ጣቢያ ፕሮግራሙን ለንደን ወይም ዋሽንግተን ሳይልክ ከናይሮቢ ሆኖ ለአህጉሩ ሊናገር ይችል ነበር። ስለ መረጃ ፍትሐዊነት በየጉባኤው ብዙ የተባለበት ዘመን ቢሆንም፣ ሐሳቡን በመሣሪያ ውስጥ የሠራው ሰው ጥቂት ነው።

አፍሪስታር ኦክቶበር 28 ቀን 1998 በአሪያን 4 ሮኬት ከፈረንሳይ ጉያና፣ ከኩሩ ተወነጨፈ፤ ቦታውንም በ21 ዲግሪ ምሥራቅ ያዘ። ወደ ምድር የሚያወርደው በሦስት ጨረሮች ሲሆን እያንዳንዱ ጨረር 14 ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል፣ ማለትም የኢትዮጵያን ስፋት አሥራ ሁለት እጥፍ ገደማ ይሸፍናል። አፍሪካ በሙሉ፣ መካከለኛው ምሥራቅና የአውሮፓ ደቡብ በአንድ ሳተላይት ሥር ገቡ።

በዚያው በ1998 ሌላ ከሱዳን የወጣ ሰው ፊቱን ወደ አፍሪካ አዞረ። በ1946 የተወለዱት ኢንጂነር ሞ ኢብራሂም ብሪቲሽ ቴሌኮምን ለቀው የራሳቸውን ድርጅት ካቋቋሙ በኋላ፣ ኋላ ሴልቴል የተባለውን የሞባይል ስልክ ኩባንያ የመሠረቱት በዚህ ዓመት ነው። ሁለቱ ሰዎች ስለ አንድ አህጉር፣ በአንድ ዓመት፣ ተቃራኒ ውርርድ ገቡ። ሳማራ ከሰማይ ወደ ታች የሚናገር፣ ሕዝቡ የሚያዳምጠው ሥርዓት ዘረጉ። ኢብራሂም ከማማ ወደ ማማ የሚሄድ፣ ሕዝቡ የሚነጋገርበትን መረጡ።

መቀበያዎቹን የሠሩት ሂታቺ፣ ጄቪሲ፣ ፓናሶኒክና ሳንዮ ናቸው። ሬዲዮው ከተለመደው የጠረጴዛ ሬዲዮ ብዙ አይለይም፤ የሚለየው ካሬ የሆነች ጠፍጣፋ አንቴናው ናት፤ ወደ ሳተላይቱ ትዞራለች፣ ካስፈለገም ተነቅላ በገመድ ወደ ውጭ ትወጣለች። ችግሩ የሚገለጠው በሥፍራው ነው። በአዲስ አበባ ጉለሌ ለምሳሌ፣ በእንጦጦ ተዳፋት ላይ፣ ሳተላይቱ የሚገኘው በስተ ምዕራብ፣ ትንሽ ወደ ደቡብ ዘንበል ብሎ፣ ከአድማስ 67 ዲግሪ ያህል ከፍታ ላይ ነበር። ተራራው በስተ ሰሜን ስለሆነ አይጋርድም። ነገር ግን 67 ዲግሪ ማለት አናት ሊሆን ምንም ያልቀረው ነው፤ በመስኮት ሲያዩት የጣሪያው ክፈፍ ይሸፍነዋል። ቆርቆሮ ደግሞ ይህን ሞገድ ፈጽሞ አያሳልፍም፤ የባሕር ዛፍ ቅጠልም ያዳክመዋል። ስለዚህ አንቴናዋ ከጣሪያ ሥር ወጥታ በረንዳው ጫፍ ላይ ወይም ግቢው ውስጥ መቀመጥ ነበረባት። የአጭር ሞገድ ሬዲዮ ግን በከብት ጠባቂ ትከሻ ላይ ተንጠልጥሎ እየሄደ ይሰማል።

አገልግሎቱ በኦክቶበር 1999 ደቡብ አፍሪካ ላይ በይፋ ተጀመረ። ቢቢሲ፣ ሲኤንኤን፣ ብሉምበርግ፣ የፈረንሳይ ዓለም አቀፍ ሬዲዮና የኩባንያው የራሱ የሙዚቃ ጣቢያዎች በአንድ መቀበያ ይሰሙ ጀመር፤ ጥራቱን የሰማ ሰው ያደነቀው ነበር። የመቀበያው ዋጋ መጀመሪያ ላይ ከ200 ዶላር በላይ ነበር፤ በጊዜው ምንዛሪ ከ1,600 ብር በላይ ማለት ነው። የኢትዮጵያ የነፍስ ወከፍ የዓመት ገቢ በዚያን ጊዜ ከ150 ዶላር በታች ነበር። ሬዲዮው የታሰበለት ገበሬ የዓመት ገቢውን ሁሉ አውጥቶ እንኳ አይገዛውም። የኩባንያው ስሌት ምርቱ ሲበዛ ዋጋው ይወርዳል የሚል ነበር፤ ምርቱ እንዲበዛ ደግሞ ገዢ ያስፈልጋል፤ ገዢው የሚጠብቀው ዋጋው እስኪወርድ ነበር።

የበጎ አድራጎቱ ሥራ የተጸነሰው ከኩባንያው ጋር ነው እንጂ ሀብት ከተገኘ በኋላ የተጨመረ አልነበረም። ወርልድስፔስ ከሳተላይቶቹ አቅም 5 በመቶውን ለልማትና ለትምህርት ስርጭት በነፃ እንዲውል ለይቶ ለወርልድስፔስ ፋውንዴሽን ሰጠ፤ ይህ ድርጅት በኋላ ፈርስት ቮይስ ኢንተርናሽናል ተብሏል። ነጋዴ ከትርፉ ሲሰጥ የተለመደ ነው፤ ሳማራ ያደረጉት ግን ትርፍ ገና ሳይታይ ከዕቃው ራሱ ቆርሶ መስጠት ነበር። ኩባንያው አንድ ዓመት እንኳ አትርፎ ስለማያውቅ፣ ከትርፍ እሰጣለሁ ቢሉ ኖሮ ማንም ምንም ባላገኘ ነበር።

ከዚህ ድርሻ የወጣው ሥራ በቁጥር ትንሽ ቢሆንም በጥራቱ ከንግዱ የበለጠ ነው። አንዱ ራኔት የተባለው መርሐ ግብር ነው። መነሻው የአፍሪካ አገሮች የሚቲዎሮሎጂ ማዕከል ባለበት በኒጀር ነበር። የወርልድስፔስ መቀበያ ከኮምፒዩተር ጋር ሲገጠም ድምፅ ብቻ ሳይሆን መረጃም፣ ካርታም፣ የሳተላይት ምስልም መቀበል ይችላል፤ የስልክ መስመር አያስፈልገውም። ባንኪላሬ በተባለችው የኒጀር የገጠር መንደር ከሰማይ የወረደውን የአየር ትንበያ የማኅበረሰቡ ትንሽ የኤፍኤም ጣቢያ በፀሐይ ኃይል እየሠራ በአካባቢው ቋንቋ ያነበው ነበር፤ ገበሬውም ባለ እጅ ማጠንጠኛ ርካሽ ሬዲዮ ይዞ ይሰማዋል። ልብ ሊባል የሚገባው አደረጃጀቱ ነው። 200 ዶላር የሚያወጣውን መቀበያ መንደሩ በጋራ አንድ ይይዛል፤ እያንዳንዱ ቤት የሚይዘው ርካሹን ነው። ኩባንያው እያንዳንዱን ሰው ደንበኛ ለማድረግ ሲሮጥ፣ ችግሩ የተፈታው በዚህ በነፃው ጥግ ነበር። በእስያም ኢኳል አክሰስ የተባለ ድርጅት በዚሁ ዓይነት መንገድ በኔፓልና በአፍጋኒስታን መንደሮች ሰዎች ተሰብስበው የሚያዳምጧቸውን የጤናና የትምህርት ፕሮግራሞች አሰራጭቷል።

ሁለተኛው ሳተላይት፣ እስያስታር፣ ማርች 21 ቀን 2000 በአሪያን 5 ተወንጭፎ በ105 ዲግሪ ምሥራቅ ተቀመጠ። ለላቲን አሜሪካ የታቀደው ሦስተኛው ግን ወደ ሰማይ አልወጣም። ከማስታወቂያና ከጣቢያዎች ኪራይ ይገኛል የተባለው ገቢ አልመጣም፤ ኩባንያው ፊቱን ከአፍሪካ ወደ ሕንድ፣ ከነፃ አድማጭ ወደ ከፋይ ደንበኛ አዞረ። በሕንድ የሙዚቃ ደራሲው ኤ. አር. ራህማን የኩባንያውን መለያ ዜማ ሠርቶለታል፤ ለክላሲካልና ለየክልሉ ቋንቋ ሙዚቃ የተለዩት ጣቢያዎችም ታማኝ አድማጭ አፈሩ። ለኤድስ ወሬ ተብሎ የተጀመረው ሳተላይት በባንጋሎር መኖሪያ ቤቶች ካርናቲክ የተባለውን የደቡብ ሕንድ ክላሲካል ዜማ ማሰማት ያዘ። ይህ ክህደት አይደለም፤ የሚከፍል ሰው የተገኘው እዚያ ነበር።

በ2005 የሁለቱ ውርርዶች ውጤት ጎን ለጎን ታየ። በማርች ወር የኩዌቱ ኤምቲሲ ሴልቴልን በ3.4 ቢሊዮን ዶላር ለመግዛት ተስማማ፤ ሴልቴል በወቅቱ በ13 የአፍሪካ አገሮች ከ5 ሚሊዮን በላይ ደንበኞች ነበሩት። በኦገስት ወርልድስፔስ አክሲዮኑን በናስዳክ በ21 ዶላር ለሕዝብ አቀረበ፤ ከ200 ሚሊዮን ዶላር በላይም ሰበሰበ። ቀደም ሲል የተለያየው ኤክስኤምም 25 ሚሊዮን ዶላር አዋለበት። ገንዘቡ የመጣው ግን ከዎል ስትሪት ተስፋ እንጂ ከደንበኛ ኪስ አልነበረም።

ሞባይል ለምን አሸነፈ ለሚለው ብዙ መልስ ይሰጣል፤ ዋናው ሁለት ነው። ስልክ የገዛ ሰው ራሱ ይናገርበታል፤ ልጁን ይጠራበታል፣ የእህል ዋጋ ይጠይቅበታል፣ ስለዚህ ለእሱ የሚከፍለው ገንዘብ በማግስቱ ይመለስለታል። የሳተላይት ሬዲዮ የገዛ ሰው የሚያገኘው ሌላው የመረጠለትን ነው፤ ለዚያ ደግሞ ርካሽ ሬዲዮ ቀድሞ አለው። ሁለተኛው የአከፋፈሉ መንገድ ነው። የቅድመ ክፍያ ካርድ በጥቂት ሳንቲም ይሸጣል፤ በየሱቁ ይገኛል። የወርልድስፔስ ደንበኛ ግን መጀመሪያ ውድ ዕቃ፣ ቀጥሎ የዓመት ክፍያ ይጠየቅ ነበር።

ኢትዮጵያ በዚህ ፉክክር ውስጥ ተመልካች ነበረች። የሞባይል አገልግሎት በ1999 አዲስ አበባ ውስጥ ቢጀመርም ሥራው የመንግሥት ብቻ ስለነበር ሴልቴልም ሌላውም አልገባባትም። የሳተላይት ትምህርትም ቢሆን በራሷ መንገድ መጣ፤ ከ2004 ጀምሮ መንግሥት ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በፕላዝማ ቴሌቪዥን የሚተላለፍ ትምህርት ዘረጋ። አስተማሪው ከስክሪኑ ሲናገር የክፍሉ መምህር ጎን ቆሞ ይጠብቅ ነበር፤ ተማሪው ያልገባውን ቢጠይቅ ስክሪኑ አይመልስለትም ነበር። የአንድ አቅጣጫ ንግግር ድክመት እዚህም ያው ነው። የግል ኦፕሬተር ወደ ኢትዮጵያ የገባው በ2021፣ ሳፋሪኮም የመራው ጥምረት በ850 ሚሊዮን ዶላር ፈቃድ ሲወስድ ነው።

ሞ ኢብራሂም ከሽያጩ ባገኙት ሀብት በ2006 በስማቸው ፋውንዴሽን አቋቁመው ለአፍሪካ መልካም አስተዳደር መለኪያ ማውጣትና ሥልጣን በሰላም ለለቀቁ መሪዎች 5 ሚሊዮን ዶላር መሸለም ጀመሩ፤ የመጀመሪያው ተሸላሚ በ2007 የሞዛምቢኩ ጆአኪም ቺሳኖ ነበሩ። በዚያው ጊዜ ሳማራ ኩባንያቸውን ከመስመጥ ለማዳን እየታገሉ ነበር።

የመጨረሻው ተስፋ መኪና ነበር። ኤክስኤምና ተፎካካሪው ሲሪየስ በአሜሪካ ያደጉት መኪና ፋብሪካዎች መቀበያውን አስቀድመው እየገጠሙ ስለሸጡላቸው ነው፤ ከቤቱ እስከ ሥራው አንድ ሰዓት የሚነዳ ሰው ለሬዲዮ ይከፍላል። ወርልድስፔስ ይህን በጣሊያን ሊደግም ፈቃድ አገኘ፣ ከፊያትም ጋር ተስማማ። ሳተላይቱ በሕንጻዎች መሐል ስለማይታይ ግን በየከተማው ደጋሚ ማማ መትከል ያስፈልግ ነበር፤ ለዚያ የሚሆን ገንዘብ አልነበረም። የከፋይ ደንበኞቹ ቁጥር 200,000 ሊሞላ ምንም ሳይቀረው ወደ ኋላ ተመለሰ፤ አብዛኞቹም በሕንድ ነበሩ። ኦክቶበር 17 ቀን 2008 ኩባንያው በደላዌር ፍርድ ቤት የኪሳራ ሕግ ጥበቃ ጠየቀ። ዕዳው ከ2 ቢሊዮን ዶላር በላይ ነበር። ከሦስት ወር በፊት ኤክስኤምና ሲሪየስ ከ18 ሚሊዮን በላይ ደንበኞች ይዘው ተዋሕደው ነበር፤ እነሱም ቢሆኑ በ2009 መጀመሪያ ከኪሳራ የዳኑት ሊበርቲ ሚዲያ 530 ሚሊዮን ዶላር ስላበደራቸው ነው።

ሊበርቲ ወርልድስፔስንም ለመግዛት ሞክሮ ነበር፤ ካየው በኋላ ተወው። የሕንዱ አገልግሎት ዲሴምበር 31 ቀን 2009 ተቋረጠ። ለዓመታት ከፍለው ያዳመጡ የሕንድ አድማጮች በየጋዜጣው ቅሬታቸውን ጻፉ፤ መቀበያዎቹ ሌላ የሚይዙት ጣቢያ አልነበራቸውም። በ2010 ከአንድ ቢሊዮን ዶላር በላይ ከፈሰሰበት ኩባንያ የተረፈውን ዋና ንብረት በ5.5 ሚሊዮን ዶላር የገዛው ያዝሚ የተባለ ድርጅት ነው፤ ባለቤቱም ሳማራ ራሳቸው ነበሩ።

ያዝሚ ሬዲዮውን ትቶ ወደ ትምህርት ዞረ። ሐሳቡ ሳተላይት የሚቀበል ታብሌት ነበር፤ ኢንተርኔት በሌለበት ትምህርት ቤት መጽሐፉ፣ ቪዲዮውና ፈተናው ሌሊት ከሰማይ እየወረደ በመሣሪያው ውስጥ ይከማቻል፣ ጠዋት ተማሪው ይከፍተዋል። በደቡብ አፍሪካና በሕንድ ትምህርት ቤቶች ተሞክሯል። ከመጀመሪያው ኩባንያ ጋር ሲነጻጸር ይህኛው ትሑት ነበር፤ የታሰበው ገዢ ግለሰብ ሳይሆን የትምህርት ሚኒስቴር ነበር። ይህም ወደ ባንኪላሬው አሠራር መመለስ ነው፤ ዕቃው በጋራ ይያዛል፣ ጥቅሙ ይከፋፈላል። እስያስታር ደግሞ በሆንግ ኮንግ ኩባንያ በሲኤምኤምቢ ቪዥን እጅ ገባ።

ሞገዱም ባለቤት ለወጠ። በ2015 ጄኔቭ ላይ የተሰበሰበው የዓለም የሬዲዮ ጉባኤ ከ1452 እስከ 1492 ሜጋኸርዝ ያለውን ክልል በርካታ የአፍሪካ አገሮችን ጨምሮ ለሞባይል ኢንተርኔት ፈቀደ። በዚያው ዓመት የጣሊያን መንግሥት ክልሉን ለጨረታ አቀረበ፤ የስልክ ኩባንያዎቹ ቲምና ቮዳፎን ከ460 ሚሊዮን ዩሮ በላይ ከፍለው ለሁለት ተካፈሉት። የወሰዱትም ከማማ ወደ ስልክ ብቻ ለሚወርድ መረጃ ነው።